ፕሮፖሊስ (የንብ ሙጫ)፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማር ሊገዛኝ የሚመጣ ሰው ሁሉ ጫማውን ሊያደርግ ሲል ስለዚህ ቡናማ ሙጫ ይጠይቀኛል፤ መልሶቼን አንድ ቦታ ሰበሰብኳቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ፕሮፖሊስ ምንድን ነው?

ንቦች ከዛፍ ለቅመው አምጥተው ከሰማቸው ጋር የሚለውሱት ሙጫ ነው። ዘመናዊ ቀፎ ስትከፍቱ ክዳኑ "ጧ!" ብሎ የሚላቀቀው በእሱ ምክንያት ነው። ፍሬሞቹንም፣ ማለትም ንቦቹ እንጀራቸውን የሚሠሩባቸውን ክፈፎች፣ እርስ በርስ ያጣበቃቸው እሱ ነው። ሲሞቅ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፤ ሲበርድ ይሰባበራል። ማለዳ ላይ ከቀፎው ጠርዝ ስፍቀው ፍርክስክስ ብሎ ይወርዳል። ያንኑ ሥራ እኩለ ቀን ላይ ከጀመርኩት ግን መፋቂያው፣ ጓንቱ፣ ቤት ስገባ ደግሞ የበሩ እጀታ ሳይቀር ይጣበቃል። ልብስ ከነካ ተስፋ ቁረጡ።

ስሙ የግሪክ ነው። "ፕሮ" ፊት ለፊት፣ "ፖሊስ" ከተማ ማለት ነው። ንቦቹ የከተማቸውን በር በእሱ ስለሚያጠብቡ ነው ይባላል። "ፖሊስ" የሚለውን ሰምቶ የሚስቅ አለ፤ የኛም ፖሊስ ሥሩ እዚያው ግሪክ ነው።

ከሰም ወይም ከሰፈፍ በምን ይለያል?

ሰምን ንቧ ራሷ ከሆዷ ሥር ባሉ እጢዎች ትሠራዋለች። ፕሮፖሊስ ግን ከውጭ የሚመጣ የዕፅዋት ንብረት ነው። ሰፈፍ ደግሞ ጠጅ ሲጣል ወይም ማር ሲጨመቅ የሚቀረው ያልተጣራ ሰም ነው። ውስጡ ትንሽ ፕሮፖሊስ ቢኖርም እሱን ፕሮፖሊስ ብሎ መሸጥ ማታለል ነው።

የተጠራጠራችሁትን ቁራጭ ጠንካራ አልኮል ውስጥ ጣሉት። ፕሮፖሊስ ከሆነ በአንድ ሌሊት ፈሳሹ ቡናማ ይሆናል። ሰም ከሆነ እንደነበረ ይጠብቃችኋል።

ንቦቹ ከየት ያመጡታል?

ዛፍ ሲቆስል ሙጫ ያነባል። እጣንና ከርቤም እንዲሁ ናቸው፤ ቁስሉን የሚዘጋ፣ ተባይና ሻጋታ የሚከላከል የዛፍ መድኃኒት። ለጋ እምቡጦችና ቅጠሎችም ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነት ሙጫ ይለበጣሉ። ንቧ ያንን በመንጋጋዋ ቆርጣ የኋላ እግሯ ላይ፣ የአበባ ዱቄት በምትሸከምበት ቦታ ታስቀምጠዋለች። ቀን ሞቆ ሙጫው ሲለሰልስ ነው የምትወጣው። ቀፎ ስትደርስ ራሷ ማራገፍ አትችልም። ጓደኛዋ መጥታ በመንጋጋዋ እየጎተተች ታላቅቅላታለች። ከሺዎች መካከል ይህን ሥራ የሚሠሩት በጣም ጥቂት ንቦች ናቸው።

ሙጫ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉም ማወቅ ጥሩ ነው። ሬንጅ፣ ያልደረቀ ቀለም፣ የመስኮት ማጣበቂያ ሲለቅሙ ታይተዋል። ቀፏችሁ መንገድ ዳር ወይም ጋራዥ አጠገብ ከሆነ ፕሮፖሊሱን ለመድኃኒት አታስቡት።

ለምን ይደክሙበታል?

መጀመሪያ ነገር ቤት ጥገና ነው። ንብ ጠባብ ስንጥቅ አትወድም፤ ትደፍነዋለች። አይጥ ቀፎ ውስጥ ገብታ ስትሞትስ? ንቦቹ ነድፈው መግደል ይችላሉ፤ አውጥተው መጣል ግን አይችሉም። ስለዚህ ሬሳውን በፕሮፖሊስ ይለብጡታል፤ ሳይሸት ይደርቃል።

ከዚያ በላይ ግን የቀፎው ጤና ጥበቃ ነው ማለት ይቻላል። የዱር ንብ የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ስትሰፍር የውስጡን ግድግዳ በሙሉ በቀጭኑ ትቀባዋለች። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲዋ ማርላ ስፒቫክና ባልደረቦቿ 2009 ላይ እንዳሳዩት፣ ግድግዳው በሙጫ የተቀባ ቀፎ ውስጥ የሚኖሩ ንቦች በሽታ የመከላከል ሥርዓታቸው አይጨናነቅም፤ ዙሪያቸው ያለው ጀርም ስለሚቀንስ ይመስላል። 2012 ላይ ደግሞ ቀፎው በሻጋታ በሽታ ሲጠቃ ሙጫ የሚለቅሙት ንቦች ቁጥር እንደሚጨምር ታየ። ሲታመሙ ፋርማሲ ይሄዳሉ ማለት ነው። ንብ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለችም። የእስያዋ ንብ፣ ማለትም ኤፒስ ሴራና፣ ፕሮፖሊስ አትጠቀምም።

ውስጡ ምን አለ?

መጻሕፍት ላይ የምታገኙት የተለመደው ስሌት ይህ ነው፦ ግማሹ ሙጫ፣ 30 በመቶው ሰም፣ 10 በመቶ ገደማ መዓዛ ያላቸው ዘይቶች፣ 5 በመቶ የአበባ ዱቄት፣ የቀረው 5 በመቶ ልዩ ልዩ ነገር። ይህ አማካይ ነው። አንዱ ቀፎ ሰም ያበዛል፤ ሌላው ንጹሕ ሙጫ ይሰጣል።

ዋናው ጉዳይ ያለው ሙጫው ውስጥ ነው። እስካሁን ከ300 በላይ ውህዶች ተለይተዋል። ትልቁን ቦታ የሚይዙት ፍላቮኖይዶችና ፌኖሊክ አሲዶች ናቸው። ከፍላቮኖይዶቹ መካከል ፒኖሴምብሪን፣ ጋላንጂንና ክራይሲን የሚሉ ስሞች ደጋግመው ይመጣሉ። ከአሲዶቹ ወገን ካፌይክ አሲድና ዘመዶቹ አሉ። "ካፌይክ" ስሙን ከቡና ቢወስድም ካፌይን አይደለም፤ እንቅልፍ አይነሳም። ከካፌይክ አሲድ ዘመዶች አንዱ ተመራማሪዎች በምህጻረ ቃል "ኬፕ" የሚሉት ነው። እብጠትና መቆጣትን የሚያዝዘውን አንድ የሕዋስ ማብሪያ-ማጥፊያ እንደሚያጠፋ 1996 ላይ ከተዘገበ ወዲህ ስሙ ገናና ሆኗል።

ቫይታሚንና ማዕድንም አለው ይባላል። አለው፤ ግን በጠብታ የሚወሰድ ነገር ውስጥ ያለ ቫይታሚን የጎመን አንድ ጉርሻ አያህልም።

ለምን አንዱ ቡናማ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ ይሆናል?

ዛፉ ስለሚለያይ። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ "ፕሮፖሊስ" የአንድ ነገር ስም አይደለም። "ወጥ" እንደማለት ነው። ሽሮም ወጥ ነው፣ ዶሮም ወጥ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ንቦቹ በብዛት የሚለቅሙት ፖፕላር ከሚባል ዛፍ እምቡጥ ነው። ከላይ የጠራኋቸው ፒኖሴምብሪንና ጋላንጂን የእሱ ናቸው፤ ኬፕም እንደዚሁ። ብራዚል ውስጥ ባካሪስ ድራኩንኩሊፎሊያ የምትባል ቁጥቋጦ አለች። ንቦቹ የእሷን ለጋ ጫፍ ራሱን እየቆረጡ ስለሚወስዱ ፕሮፖሊሱ አረንጓዴ ይሆናል። የሱ ታዋቂ ውህድ አርቴፒሊን ሲ ነው። ጃፓኖች በጣም ይወዱታል፤ ዋናዎቹ ገዢዎችም እነሱ ናቸው። የብራዚል ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ላይ ደግሞ ዳልበርጊያ ከሚባል ተክል የሚመጣ ቀይ ፕሮፖሊስ አለ። ኩባ ሲሄዱ ሌላ ዛፍ፣ ሜዲትራኒያን አካባቢ የጥድ ዘመዶች፣ ኦኪናዋና ታይዋን ደግሞ ማካራንጋ። እያንዳንዱ የራሱ ኬሚስትሪ አለው። የፖፕላሩን ጥናት አንብቦ የማካራንጋውን ጠርሙስ መሸጥ የሽሮ አሠራር አስረድቶ ዶሮ ወጥ እንደማቅረብ ነው።

የኢትዮጵያ ፕሮፖሊስስ?

አገራችን በማርም በሰምም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ፕሮፖሊስ ግን ከገበያው ውጭ ነው ማለት ይቻላል። የማውቃቸው ንብ አርቢዎች አብዛኞቹ ፍቀው ይጥሉታል፤ "ቆሻሻ" ነው የሚሉት። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

የኛ ደጋ በፖፕላር የተሸፈነ አይደለም። ስለዚህ የአውሮፓን የውህዶች ዝርዝር ቀድቶ የኛ ጠርሙስ ላይ መለጠፍ አይሆንም። እንደ ካሜሩን ካሉ የአፍሪካ አገሮች የተመረመሩ ናሙናዎች ላይ ትራይተርፐኖይድ የሚባሉ ውህዶች ጎልተው ታይተዋል። እጣንን የሚያውቅ ሰው ከዚህ ቤተሰብ ጋር ሳያውቀው ተዋውቋል፤ የእጣን ሙጫ ውስጥ ያሉት ቦስዌሊክ አሲዶች ትራይተርፐኖይዶች ናቸው። ከቀፎዬ የፋቅኩትን በመዳፌ መካከል ሳሞቀው ቤተ ክርስቲያን በራፍ ላይ የቆምኩ የሚመስለኝ ጊዜ አለ።

ጀርም ይገድላል የሚባለው እውነት ነው?

ላብራቶሪ ውስጥ፣ አዎ። ይህ ከተረጋገጡት ነገሮች አንዱ ነው። ስታፊሎኮከስ የሚባለውንና የቆዳ ቁስል የሚያመረቅዘውን ባክቴሪያ ይጎዳል። ጥርስ የሚያበላሸውን ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስንም፣ አፍ ውስጥ ነጭ ሽፋን የሚሠራውን ካንዲዳንም እንዲሁ። ኢ ኮላይና መሰሎቹ ላይ ግን ደካማ ነው። እነዚህ ከተለመደው ሽፋን ውጭ ሌላ ሽፋን ደርበዋል፤ የገባባቸውንም ነገር በፓምፕ መልሰው ያስወጣሉ። ስለዚህ ሆድ ሲታመም "ፕሮፖሊስ ነው መፍትሔው" ከሚል ሰው ጋር አልስማማም።

አሠራሩ አንድ አይደለም። የባክቴሪያውን ሽፋን ያሳሳል፣ ኃይል የሚያመነጭበትን ያዛባል፣ እንዳይከፋፈልም ያግዳል። የቡልጋሪያዋ ኬሚስት ቫሲያ ባንኮቫና ባልደረቦቿ 1999 ላይ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ናሙናዎችን አወዳድረው ነበር። ኬሚስትሪያቸው በእጅጉ ቢለያይም ናሙናዎቹ ሁሉ ባክቴሪያ ላይ ሠሩ። እኔን አልገረመኝም። ንቧ የምትፈልገው የውህዱን ስም ሳይሆን ቤቷን የሚያጸዳ ሙጫ ነው።

ታዲያ ላብራቶሪ ውስጥ ከሠራ ሰው ላይ ለምን አይሠራም?

ላብራቶሪ ውስጥ መድኃኒቱ ጀርሙ ላይ በቀጥታ ይፈሳል። የጠጣችሁት ጠብታ ግን በአንጀት ያልፋል፤ ከሚገባው ላይ ጉበት ወዲያው ቅርጹን ይለውጠዋል። ደም ውስጥ የሚደርሰው ፍላቮኖይድ የላብራቶሪው ሳህን ላይ ከነበረው እጅግ ያነሰ ነው። ለዚህ ነው የተሻለ ማስረጃ ያለው በቀጥታ በሚነካባቸው ቦታዎች፣ አፍና ቆዳ ላይ የሆነው።

የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን 2010 ላይ በፕሮፖሊስ ስም የቀረቡ የጤና መግለጫዎችን መርምሮ በቂ ማስረጃ የላቸውም ብሏል። ይህ ማለት "አይሠራም" ማለት አይደለም። "እሽጉ ላይ አትጻፉት" ማለት ነው።

ለምች ይሆናል?

ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ምች በፀሐይ መመታት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። ፀሐይ፣ ትኩሳት ወይም ድካም ተኝቶ የነበረውን ይቀሰቅሰዋል። እናቶቻችን ዳማከሴ ያሹበታል። ፕሮፖሊስ እዚህ ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ማስረጃ አለው።

2000 ላይ የታተመ አንድ ጥናት በብልት ሄርፒስ የተያዙ 90 ሰዎችን በሦስት ከፍሎ አየ፦ 3 በመቶ ፕሮፖሊስ ያለው ቅባት፣ አሲክሎቪር የሚባለው የሄርፒስ መድኃኒት ቅባት፣ ምንም የሌለበት ቅባት። በአሥረኛው ቀን ከፕሮፖሊሱ ቡድን ከ30 ሰው 24ቱ ድነዋል። ከአሲክሎቪሩ 14፣ ከባዶው 12። ደስ ይላል፤ ግን ልብ በሉ፦ ጥናቱ የከንፈሩ ሳይሆን የብልቱ ሄርፒስ ላይ ነው፤ የአሲክሎቪር ቅባት ራሱ ደካማ ነው፤ ኪኒኑ ነው ጠንካራው። የሰዎቹም ቁጥር ትንሽ ነው። ምቹ ዓይን አካባቢ ከወጣ ግን ዳማከሴም ፕሮፖሊስም ሳትሉ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ለጥርስና ለአፍ ቁስልስ?

ፕሮፖሊስ ያለበት መጉመጥመጫ የጥርስ ላይ ቆሻሻንና የድድ መቆጣትን በመጠኑ ሲቀንስ ታይቷል። በካንሰር ሕክምና ምክንያት አፋቸው ለቆሰለ ሰዎችም የሚረዳ መሆኑን የሚያሳዩ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። ብሩሽንም መፋቂያንም ግን አይተካም። ሌላም አለ፦ ጥርስን ለጊዜው ያጠቁራል።

ለጉንፋን?

ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ትንሽ ያደነዝዛል። ጉንፋኑን ግን በሳምንት ያድነዋል፤ ሳትወስዱት ደግሞ በሰባት ቀን።

ኮቪድ ላይ ሠርቷል ሲባል ሰምቻለሁ።

የሰማችሁት የብራዚሉን ጥናት ይሆናል። ሳልቫዶር ከተማ ሆስፒታል የተኙ 124 ሕሙማን ላይ የተሠራ ነው። ከመደበኛው ሕክምና በተጨማሪ ለአንዱ ቡድን በቀን 400፣ ለሌላው 800 ሚሊግራም የአረንጓዴ ፕሮፖሊስ ጭማቂ ተሰጠ። ፕሮፖሊስ የወሰዱት በ7 እና በ6 ቀን ገደማ ከሆስፒታል ወጡ፤ ያልወሰዱት በ12። ኦክስጅን የመፈለጋቸው ነገር ላይ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ሁለት ነገር ጨምሩበት። ሐኪሞቹም ሕሙማኑም ማን ምን እንደሚወስድ ያውቁ ነበር፤ "ይህ ሰው ይውጣ" የሚለው ውሳኔ ላይ ይህ ተጽዕኖ ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛ፣ ያ ደረጃው የተጠበቀ የብራዚል ምርት ነው። የመንደራችሁ ጠርሙስ ያንን ውጤት መዋስ አይችልም።

ካንሰር ይፈውሳል?

አይፈውስም። ኬፕና አርቴፒሊን ሲ ሳህን ላይ የካንሰር ሕዋስ መግደላቸው እውነት ነው። በረኪናም ሳህን ላይ የካንሰር ሕዋስ ይገድላል። ሕክምና ላይ ያለ ዘመድ ካላችሁ ፕሮፖሊስ ከመስጠታችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት። ሐኪሙን ትቶ ወደ ጠርሙሱ ከዞረማ ዝም ብላችሁ አትዩት።

ስኳር አለብኝ፤ ልውሰድ?

የጠዋት ስኳርን በመጠኑ የቀነሱ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። መድኃኒታችሁን ለማቆም የሚያበቃ ነገር ግን የለም። ከመድኃኒቱ ጋር ተደርቦ ስኳሩን ዝቅ እንዳያደርገው ለሐኪም መንገር ይሻላል። የምትገዙት "ፕሮፖሊስ በማር" ከሆነ ደግሞ የምትወስዱት ማር መሆኑን አትርሱ።

ቤት ውስጥ እንዴት ይዘጋጃል?

የተፋቀውን ሙጫ ከእንጨት ስብርባሪ፣ ከሞተ ንብና ከሰም ለዩት። ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩትና ሳይሞቅ ውቀጡት። ከሞቀ ሙቀጫው ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ከባለቤቴ ጋር ያጣላኝ ይኸው ነው። 30 ግራሙን ወደ 70 ግራም ገደማ ለምግብ የሚሆን 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ጨምሩ። ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ፣ ጨለማ ቦታ፣ ሁለት ሳምንት። በቀን አንዴ ወዝወዝ አድርጉት። ከዚያ በቡና ማጥለያ ወረቀት አጥልሉት።

ብዙ ሰው የሚዘላት ደረጃ አለች። ያጠለላችሁትን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ሥሩ ላይ የነጣ ደለል ታያላችሁ፤ ሰም ነው። እንደገና አጥልሉት። የቀረው እንደ ጠንካራ ሻይ የጠራ፣ ከቀይ ወደ ቡናማ የሚወስድ ፈሳሽ ነው። ዕቃው ላይ የተጣበቀውን ውሃና ሳሙና አይነካውም፤ በአልኮል ጥረጉት።

በአረቄ ማውጣት ይቻላል?

ይቻላል፤ ደካማ ይሆናል እንጂ። ደህና ዳግም አረቄ 45 በመቶ አካባቢ ነው፤ ተራው ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ውሃው ሲበዛ የሚሟሟው ሙጫ ይቀንሳል። ከዚህ የሚብሰው ግን ምንነቱ ያልታወቀ አልኮል ነው። ቁስል ማጽጃ፣ ሳኒታይዘር፣ ለኢንዱስትሪ የሚሸጥ አልኮል እንዳትሞክሩ። ሜታኖል ያለበት ዓይን ያሳውራል፤ ይገድላልም።

በሃይማኖት ምክንያት አልኮል አልነካም። ሌላ መንገድ አለ?

አለ። በግሊሰሪን፣ በዘይት ወይም በውሃ የወጣ ይሸጣል። የውሃው ፌኖሊክ አሲዶችን ያወጣል፤ አብዛኞቹን ፍላቮኖይዶች ግን ትቷቸው ይቀራል። አንዳንድ አምራች መጀመሪያ በአልኮል አውጥቶ አልኮሉን ያተነዋል፤ ዱቄቱን በእንክብል ይሸጣል። ይህኛው ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ለሃይማኖት አባቶቻችሁና ለሼኾቻችሁ ትቼዋለሁ።

በቀን ስንት ጠብታ?

ዓለም የተስማማበት መጠን የለም። 1998 ላይ የወጣ አንድ የደህንነት ግምገማ ለአንድ ሰው በቀን 70 ሚሊግራም ገደማ አስተማማኝ ነው ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ግን ብዙ ጊዜ 400፣ 500 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሰጥተዋል። "20 ጠብታ" የሚለው ምክር ጠርሙሱ ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ካልተጻፈ ትርጉም የለውም። ያለ ሐኪም ለወራት መውሰድን አልመክርም።

አለርጂ ያመጣል?

ያመጣል፤ በደንብ አድርጎ። ቆዳን ያሳክካል፣ ያቀላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። ከንፈር ላይ ሲሆን ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። የቆዳ ሕመም ይዟቸው ከሚመረመሩ ሰዎች መካከል ከ1 እስከ 6 በመቶ ገደማ ለፕሮፖሊስ አለርጂ ሆነው ይገኛሉ። ጥፋተኞቹ ያው የካፌይክ አሲድ ዘመዶች ናቸው፤ የምናሞግሰው ኬፕም አለበት። ንብ አርቢዎች ደግሞ ለዓመታት ሲነኩት ኖረው አንድ ቀን እጃቸው ሊቆጣ ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ጠብታ የክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ አድርጉና ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ። አንድ ቀን አይበቃም፤ ይህ አለርጂ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ማን ባይወስድ ይሻላል?

ለንብ ውጤቶች አለርጂ ያለበት፣ አስም የሚያስቸግረው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። ከማር ጋር የተደባለቀውን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አትስጡ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ለአዋቂ ምንም አይደለም፤ ለሕፃን ግን አደገኛ ነው።

የጣዝማ ማርም ፕሮፖሊስ አለው?

አለው፤ እንዲያውም ይበዛል። ጣዝማ መናደፊያ የሌላት፣ መሬት ውስጥ የምትኖር ትንሽ ንብ ናት። ማሯን የምታጠራቅመው እንደኛዋ ንብ በሰም እንጀራ ውስጥ አይደለም፤ ሰምና ሙጫ ለውሳ በምትሠራቸው ትንንሽ እንስራ መሰል ዕቃዎች ውስጥ ነው። ማሩ ለወራት ያንን ሙጫ ነክቶ ይቀመጣል። ቀጠን፣ ኮምጠጥ የሚለው ጣዕሙ ላይ ሙጫውም ድርሻ ያለው ይመስለኛል። አያቶቻችን ለሳል ሲፈልጉት የኖሩት በከንቱ ላይሆን ይችላል። ዋጋው ሰማይ ስለሆነ ግን ስኳር የተቀላቀለበት ሞልቷል።

ንብ አርቢ ነኝ። ብሰበስብ ንቦቼን ይጎዳል?

በልክ ከሆነ አይጎዳም። ክዳኑ ሥር ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ መረብ አንጥፉ። ከ4 ሚሊሜትር በታች የሆነ ቀዳዳ ንብ ዝም ብላ አታየውም፤ ትደፍነዋለች። ሲሞላ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩትና በጨርቅ ላይ ጠምዘዝ አድርጉት። ቷ ቷ እያለ ይረግፋል። ከአንድ ቀፎ በዓመት ከ50 እስከ 150 ግራም ማግኘት የተለመደ ነው። የውስጡን ግድግዳ ግን አትፋቁባቸው። እሱ የእነሱ ነው።

ስገዛ ምን ልይ?

አንዴ ከተማ ውስጥ ካለ ሱቅ "ንጹሕ ፕሮፖሊስ" የሚል ጠርሙስ ገዛሁ። ቤት ወስጄ አሥር ጠብታ ውሃ ውስጥ ጣልኩ። ውሃው ቡናማ ሆነ፤ እንደጠራ ቀረ። ያኔ ገባኝ። እውነተኛ የአልኮል ፕሮፖሊስ ውሃ ሲነካ ሙጫው መሟሟት ያቅተውና ብርጭቆው እንደ ወተት ይደፈርሳል። የኔው የተቃጠለ ስኳር ሳይሆን አይቀርም። በእርግጥ መደፍረሱ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ሌላ የዛፍ ሙጫም ያደፈርሳል።

እሽጉ ላይ የተገኘበት አገር፣ የአልኮሉ መጠንና የፍላቮኖይድ ወይም የፌኖል ይዘት በሚሊግራም ተጽፎ እንደሆነ እዩ። እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረትና ፀረ ተባይ እንዳለበት መመርመሩንም ጠይቁ። ሙጫና ሰም እነዚህን ይዘው ያስቀራሉ፤ ቀፎው የተቀባው አሮጌ ቀለም ራሱ የእርሳስ ምንጭ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ጠርሙስ ሁለቱም "30 በመቶ" ይላሉ፤ ዋጋቸው ግን ለምን እጥፍ ይለያያል?

"30 በመቶ" ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ስንት ጥሬ ፕሮፖሊስ እንደገባ ነው፤ ስንቱ እንደወጣ አይደለም። ግማሹ ሰም የሆነ ጥሬ ዕቃ 30 ግራም ቢገባም ወደ አልኮሉ የሚሄደው ትንሽ ነው።

ቤት ውስጥ መለካት ትችላላችሁ። የወርቅ ሚዛን ካለው ሰው ተዋሱ። ትንሽ ሳህን መዝኑ፣ 10 ሚሊሊትር አፍሱበት፣ ነፋሻ ቦታ ላይ ለጥቂት ቀን እስኪደርቅ ተዉት፣ መልሳችሁ መዝኑ። እኔ ሁለቱን "30 በመቶ" ጎን ለጎን ሳደርቃቸው አንዱ 2 ግራም ገደማ የሚያብረቀርቅ ሙጫ ተወልኝ፤ ሌላው ግማሽ ግራም እንኳ አልሞላም። ሳህኑን ለማጽዳት የፈጀብኝ አልኮል ነበር የበለጠው።